አላበጠም፣ አድጓል፦ ስለ ዦይንቪል የዳንስ ፌስቲቫል ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ትልልቅ የዳንስ ፌስቲቫሎች የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ጸሐፊው ለዳንስ ተቆርቁረው እንደጻፉት ገባኝ። ዳንስ የሚወድ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በብራዚል ዦይንቪል ከተማ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የዳንስ ፌስቲቫል አድጎ አድጎ አብጧል። ብዛቱ ጥራቱን በልቶታል። ውድድር መሆኑ ደግሞ ከጥበብ ወደ ስፖርት አውርዶታል። ከተማዋ ከሆቴልና ከምግብ ቤት ገቢ በቀር ያተረፈችው የለም። "ዓለም አቀፍ" የሚለው ቃል ለውጭ ኮከቦች ብር መክፈያ ሰበብ ነው። በመጨረሻም የዳንስ ፌስቲቫል ትንሽ ሆኖ ቢቀር ይሻላል፤ ትልቅ የሆነው ይወድቃልና ይላሉ። የፈረንሳዮቹን የሊዮንንና የሞንፔሊዬን ፌስቲቫሎች እዚህም እዚያም እየጠቀሱ ነው የሚከራከሩት።

እኔ ልጆችን ዳንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ይዤ ፌስቲቫል ሄጃለሁ። ፌስቲቫል ላይ በነጻ አገልግያለሁ፤ ወንበር እስከ ማጠፍ ድረስ። ከዳር ቆሜ አይደለም የምናገረው።

መጀመሪያ ስለ ከተማዋ ትንሽ ልበል፤ ጸሐፊው ይህን ዘለውታልና። ዦይንቪል በደቡብ ብራዚል፣ በሳንታ ካታሪና ግዛት የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1851 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጀርመን፣ ከስዊዘርላንድና ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች ቆረቆሯት። ብረት ታቀልጣለች። የቧንቧ ዕቃና ጨርቃ ጨርቅ ታመርታለች። ብራዚል ሲባል አእምሯችን ላይ የሚመጣው የሪዮ ካርኒቫል እዚህ የለም። እንዲህ ያለች ከተማ ውስጥ ነው በ1983 ከከተማዋ የባህል ቤት በተነሳ ሐሳብ የዳንስ ፌስቲቫል የተጀመረው። በየዓመቱ በጁላይ፣ ተማሪዎች እረፍት ላይ ሲሆኑ ይካሄዳል። በ2005 ጊነስ የዓለማችን ትልቁ የዳንስ ፌስቲቫል ብሎ መዘገበው። በወቅቱ የተጠቀሰው ቁጥር 4,500 ዳንሰኛና ከ200,000 በላይ ተመልካች ነው። በ2016 ደግሞ ከተማዋ "የብራዚል የዳንስ ዋና ከተማ" የሚል ስም በሕግ ተሰጣት።

አሁን ወደ ክሶቹ።

የመጀመሪያው ክስ ብዛቱ ላይ ነው። ይህን ያህል ሺ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ከደነሰ ጥሩው ከመጥፎው አይለይም፤ እንደ ገበያ ቀን መጯጯህ ብቻ ነው ይላሉ።

ይህ እውነት የሚሆነው ሁሉም አንድ መድረክ ላይ ቢወጣ ነበር። ዦይንቪል ላይ እንደዚያ አይደለም። ዋናው ውድድር የሚካሄደው ሴንትሬቬንቶስ ካው ሃንሰን በሚባለው ትልቅ አዳራሽ ነው። እዚያ ለመድረስ ቡድኖች ሥራቸውን አስቀድመው በቪዲዮ ይልካሉ። የሚመረጥ ይመረጣል፣ የማይመረጥ ይቀራል። ከዚያ ውጪ ደግሞ "ክፍት መድረኮች" የሚባሉ አሉ። እነሱ በአደባባይ፣ በገበያ ማዕከል፣ በፋብሪካ፣ በሆስፒታል ሳይቀር ይዘረጋሉ። ሰው ቲኬት ሳይቆርጥ ቆሞ ያያል። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ደምረው ነው "ጥራት የለም" ያሉት። ወንፊቱ እንዳለ አለ። የሰፋው ሜዳው ነው።

ደግሞስ ጥራት ከየት ይመጣል? ከራሴ ተሞክሮ አንድ ነገር ላንሳ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ክፍላችን ውስጥ የሚያክላት አልነበረም። እሷም ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ብዙ ልጆች የሚሰበሰቡበት ፌስቲቫል ይዣት ሄድኩ። ተራዋን ስትጠብቅ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የእሷ እኩያ የሆነች ሌላ ልጅ ስትደንስ አየች። ልጅቷ ተአምር አልሠራችም። ጉልበቷን ቀስ ብላ አጠፈች፣ ቀስ ብላ ተነሳች። ግን ተረከዟ ከወለሉ ንቅንቅ አላለም። ወገቧ አልተንጋደደም። ስትነሳም ሙዚቃው እስኪያልቅ ጠበቀችው፤ አልቀደመችውም። ተማሪዬ በመመለሻችን መንገድ ላይ ትንፍሽ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ሳንጀምር መጥታ "ቲቸር፣ የመጀመሪያውን ልምምድ እንደገና ያሳዩኛል?" አለችኝ። ሁለት ዓመት ስለፈልፍላት የነበረውን ነገር በአንድ ደቂቃ አይታው መጣች።

ይህ እንዲሆን ያቺ እኩያዋ እዚያ መገኘት ነበረባት። ሃምሳ ልጅ ብቻ የሚመጣበት ዝግጅት ላይ ሁሉም ኮከብ ነው። ልጅ ከማን ጋር እንደምትተካከል የምታየው ሜዳው ሲሰፋ ነው። የዦይንቪል ብዛት ለእኔ የሚታየኝ በዚህ በኩል ነው። ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣ አንድ ስቱዲዮና አንድ አስተማሪ ብቻ ካለበት ቦታ የመጣች ልጅ በጥቂት ቀን ውስጥ የአገሯን ሙሉ ትውልድ ታያለች። ከተመልካች ወንበር ሆኖ ጥራት ለሚፈልግ ሰው ይህ አይታየው ይሆናል። ከመጋረጃው ጀርባ ግን በደንብ ይታያል።

ሁለተኛው ክስ ከበድ ይላል፤ እዚህ ላይ ልቆይ። ዦይንቪል ውድድር ነው፣ ውድድር ደግሞ ጥበብን ይገድላል ይላሉ። ለማነጻጸሪያ ሞንፔሊዬን ያመጣሉ። እዚያ ነጥብ የለም፣ ዋንጫ የለም፣ ስለዚህ ንጹሕ ጥበብ ነው የሚል ነው ክርክራቸው።

በሽታው አለ። አልክድም። እግርን ከጆሮ በላይ መስቀል፣ ዙር መቁጠር፣ ሙዚቃው የሚለውን ሳይሰሙ ዳኛ ፊት መንጠራራት፣ ይህን ሁሉ በየውድድሩ አይቻለሁ። እኛ አስተማሪዎችም ጥፋተኞች ነን። ዋንጫ ለወላጅ የሚታይ ነገር ነው፤ ተረከዝ መሬት መርገጡ አይታይም። ስለዚህ ዋንጫው ወዳለበት እንሮጣለን። ጸሐፊው በዚህ ቢቆጡን እውነት አላቸው።

ግን ሞንፔሊዬን ማን መሠረተው? ዶሚኒክ ባጉዌ የሚባል ኮሪዮግራፈር (ዳንስ የሚያቀናብር ባለሙያ) ነው። በ1980 ወደ ከተማዋ መጥቶ የኮሪዮግራፊ ማዕከል አቋቋመ። በ1981 ፌስቲቫሉን ጀመረ። እሱስ ከየት መጣ? ከውድድር ነዋ! ፓሪስ ጥግ ባለችው ባኞሌ፣ ዣክ ሾራን በ1969 የጀመሩት የኮሪዮግራፈሮች ውድድር ነበር። ባጉዌ በ1976 የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ እዚያ ቀረበና አሸነፈ። ስሙ የተሰማው ከዚያ ወዲህ ነው። ሌላዋ ፈረንሳዊት ኮሪዮግራፈር ማጊ ማሬንም በ1978 እዚያው አሸንፋለች። ያኔ አዲስ የፈረንሳይ ዳንስ የተባለውን ነገር ይዘው ከተነሱት ብዙዎቹ በባኞሌ በር ያለፉ ናቸው።

እንግዲህ ጸሐፊው የውድድር ተቃራኒ አድርገው ያቀረቡት ፌስቲቫል ራሱ ከውድድር የተወለደ ነው። ባጉዌ በ1992 ገና በወጣትነቱ ቢሞትም ያቆመው ፌስቲቫል እስካሁን አለ።

ታዲያ ባኞሌን ከልጆች ዋንጫ የሚለየው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ የሚመዘነው ነገር ነው። ባኞሌ ላይ ኮሪዮግራፈሩ ነበር የሚጠየቀው፦ ምን አዲስ ነገር አመጣህ? የልጆች ውድድር ላይ ዳንሰኛው ነው የሚጠየቀው፦ ምን ያህል ትችላለህ? ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን ሲቀር ያ በሽታ ይመጣል። ጸሐፊው ዳኞች ለሙዚቃ፣ ለቅንብር፣ ለሐሳብ የሚሰጡት ክብደት ይጨመር ቢሉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። ውድድሩን ጭራሽ አጥፉት ሲሉ ግን ያቺ ከትንሽ ከተማ የምትመጣ ልጅ ትታየኛለች። ስሟን የሚያውቅ የለም። ዘመድ የለም፣ የምታውቀው ዳይሬክተር የለም። እሷን ያለ አማላጅ የሚያሳያት ነገር ቢኖር ተራ ቁጥርና ሦስት ደቂቃ ነው።

ደግሞ ዦይንቪል ውድድር ብቻ አይደለም። በመክፈቻውና በጋላው ምሽት ሙያተኛ ቡድኖች ያለ ነጥብ ይደንሳሉ። ኮርሶች፣ ዎርክሾፖችና የጥናት ሴሚናሮች አሉ። ለትንንሾቹ ሜያ ፖንታ የሚባል የራሳቸው መድረክ ተለይቶላቸዋል። ውድድሩ ውስጥም ባሌት ብቻ አይደለም ያለው፤ ጃዝ፣ ታፕ፣ ኮንቴምፖራሪ፣ የጎዳና ዳንስ፣ የሕዝብ ባህላዊ ዳንስ አለ። የሰፈር ሂፕ ሆፕ ቡድን ባሌሪናዋ በወጣችበት መድረክ፣ በዚያው መብራት ሥር ይወጣል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው ክስ ላይ ጸሐፊው በጣም ተሳስተዋል። ከተማዋ ከአልጋ ኪራይ በቀር ምን አተረፈች? ብለው ይጠይቃሉ።

ልንገራቸው። በማርች 2000 ዦይንቪል ውስጥ የቦልሾይ ቲያትር፣ የዝነኛው የሞስኮ የባሌት ቤት፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቦልሾይ ከሩሲያ ውጪ ያለው ብቸኛ ትምህርት ቤት ይህ ነው። ሪዮ አላገኘችውም። ሳኦ ፓውሎም አላገኘችውም። ብረት የምታቀልጠዋ ዦይንቪል አገኘችው። በጊዜው ከንቲባ የነበሩት ሉዊስ ኤንሪኬ ዳ ሲልቬይራ ነገሩን አጥብቀው ገፍተውታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ከንቲባ ብቻውን ሞስኮን አያሳምንም። ከተማዋ ያኔ 17 ዓመት ሙሉ ፌስቲቫል ስታዘጋጅ ኖራለች። ዳንስ ማየት የለመደ ሕዝብ ነበራት። ፌስቲቫሉ ባይኖር ቦልሾይ ያቺን ከተማ ካርታ ላይ ፈልጎ ያገኛት ነበር ብዬ አላምንም።

ተማሪዎቹ አይከፍሉም። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። የክላሲካል ዳንሱ ኮርስ 8 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ ተመርቀው ሞስኮ ሄደው በራሱ በቦልሾይ ቡድን ውስጥ የደነሱ ብራዚላውያን አሉ። ፌስቲቫሉ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ያቆየው ነገር ግን አንድን ልጅ ስምንት ዓመት ያሳድጋል። ይህንን የአልጋ ኪራይ ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሊዮንንም እንዲሁ በአንድ መስመር ነው ያለፏት። "ሰልፍ አሳይቶ መበተን" ብለው። ይህኛው እንዲያውም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰልፉ ከሁሉም በላይ የምወደው ነገር ነው።

የሊዮን የዳንስ ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ፌስቲቫል ነው) በ1984 ነው የተጀመረው። መሥራቹ ጊ ዳርሜ ይባላሉ። ከዚያ በፊት፣ በ1980፣ በከተማዋ የዳንስ ቤት የሚባል ለዳንስ ብቻ የሚሆን ቲያትር ተከፍቶ ነበር፤ እሱንም የመሩት እሳቸው ናቸው። በ1996 ቢየናሌው ብራዚል ላይ ሲያተኩር የሪዮን የሳምባ ትምህርት ቤቶች (በካርኒቫል የሚሰለፉ የሰፈር ዳንስ ቡድኖች ናቸው) አርአያ አድርገው ሰልፉን ጀመሩ። ሰልፉ ላይ የሚደንሱት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አብዛኞቹ ዳንሰኞች አይደሉም። ከከተማዋና ከዳር ሰፈሮቿ የመጡ ነዋሪዎች ናቸው። ተማሪ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ሥራ ፈላጊ አለ። ከኮሪዮግራፈር ጋር ለወራት ይለማመዳሉ። ልብሱን ራሳቸው ይሰፋሉ። በዚያች አንድ ቀን መሃል ከተማ ወርደው መንገዱን ይሞሉታል። ጸሐፊው ያዩት ያችን አንድ ቀን ነው። ወራቱን አላዩም። ከዚያ በፊት ሰላም የማይባባሉ ጎረቤቶች በየማክሰኞው ማታ አንድ አዳራሽ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንድን እርምጃ ሲደጋግሙ ምን እንደሚሆን እኔ ከራሴ የአዋቂዎች ክፍል አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ያፍራሉ። ከዚያ ይሳሳቃሉ። ከዚያ አንዱ ሲቀር ደውለው ይጠይቁታል።

ከሊዮን ሳልወጣ የአንድ ሰው ታሪክ ላንሳ። ሙራድ መርዙኪ ያደገው ሊዮን ዳር፣ ሴን ፕሪዬ ውስጥ ነው። ልጅ ሆኖ ሰርከስና ማርሻል አርት ተማረ፤ በኋላ ሂፕ ሆፕ ያዘው። በ1989 ከካዴር አቱና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር አክሮራፕ የሚባል ቡድን መሠረቱ። በ1994 ሥራቸው በቢየናሌው መድረክ ላይ ቀረበ። የሰፈር ሂፕ ሆፕ ትልቅ የዳንስ ፌስቲቫል ላይ! ያኔ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1996 መርዙኪ ካፊግ የተባለውን የራሱን ቡድን አቋቋመ። በ2007 ብሮን ውስጥ፣ ያው የሊዮን ዳር ላይ፣ ካራቬል የሚባል የሂፕ ሆፕ ፌስቲቫል ጀመረ። በ2009 በፓሪስ አቅራቢያ የክሬቴይ ብሔራዊ የኮሪዮግራፊ ማዕከል ዳይሬክተር ሆነ። ትልቁ ፌስቲቫል በሩን የከፈተለት ልጅ ሌላ ፌስቲቫል ወለደ። ጸሐፊው እድገት ከተማውን ይበላል ሲሉ ይህን የት አስቀምጠውት ነው?

አራተኛው ነጥብ "ዓለም አቀፍ" በሚለው ቃል ላይ ነው። እዚህ ግማሽ በግማሽ እንስማማለን። ሃያ ደቂቃ ደንሶ፣ አበባ ተቀብሎ፣ በማግስቱ አውሮፕላን የሚሳፈር ኮከብ ለከተማ ብዙ አይጠቅምም። ፎቶው ያምራል፣ በቃ። ግን ዓለም አቀፍነት ሁሉ እንዲህ አይደለም።

ቪየናን እንመልከት። ዛሬ ኢምፑልስታንስ የሚባለው ግዙፍ ፌስቲቫል በ1984 ሲጀመር የትርኢት ፌስቲቫል አልነበረም። የሥልጠና ሳምንታት ነበር፤ 6 አስተማሪዎችና 20 ዎርክሾፖች። የጀመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ካርል ሬገንስበርገር የሚባሉ ኦስትሪያዊና ኢስማኤል ኢቮ የሚባል ከሳኦ ፓውሎ የመጣ ጥቁር ብራዚላዊ ዳንሰኛ። ትርኢት የተጨመረው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1996 ደግሞ ከተለያዩ አገሮች የተመረጡ ወጣት ዳንሰኞች ለሳምንታት በነጻ የሚማሩበት ዳንስዌብ የሚባል ስኮላርሺፕ መጣ። ኢቮ በ2021 በኮቪድ አረፈ። የውጭ ሰው ሆኖ ቪየና ገባ፤ መጀመሪያ የከፈተው ግን የልምምድ ክፍል ነው።

ስለዚህ አንድ ፌስቲቫል ከውጭ እንግዳ ሲጋብዝ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። እንግዳው ስቱዲዮ ገብቷል ወይ? ከገባ ያወጣችሁት ብር ልጆቹ ሰውነት ውስጥ ቀርቷል። ካልገባ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

የመጨረሻው ክስ "ትንሽ ይሁን፣ ትልቁ ይወድቃል" የሚል ነው። ማስረጃቸው 2003 ነው። በዚያ ዓመት የፈረንሳዩ የአቪኞን የመድረክ ጥበባት ፌስቲቫልም የሞንፔሊዬ የዳንስ ፌስቲቫልም ተሰርዘዋል። ጸሐፊው ይህን የግዝፈት ውጤት አድርገው ነው ያቀረቡት። (ሁለተኛው ነጥብ ላይ አርአያ ያደረጓት ሞንፔሊዬ እዚህ ማስፈራሪያ ሆናለች፤ ልብ ይሏል።)

የ2003 ምክንያት ግዝፈት አልነበረም። በፈረንሳይ በየሥራው እየተቀጠሩ የሚኖሩ የመድረክ አርቲስቶችና ቴክኒሻኖች በሥራ መሃል ባለው ክፍተት የሚያገኙት የሥራ አጥነት ዋስትና ሊቀነስባቸው ነበር። አድማ መቱ። መብራት የሚያበራው ሰው ካላበራ ፌስቲቫል የለም፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ። በ2004 ሁለቱም ተመልሰዋል። ሞንፔሊዬ እንዲያውም ኋላ ላይ የቀድሞውን የኡርሱሊን ገዳም፣ አንድ ዘመን እስር ቤት የነበረውን ግቢ፣ የዳንስ መኖሪያ አድርጋዋለች። የወደቀ ፌስቲቫል እንዲህ አያደርግም።

ግን ጸሐፊው ስለ 2003 በማንሳታቸው ሳያስቡት ትክክለኛውን ቁስል ነክተዋል። ፌስቲቫል ሲያድግ ጉልበቱ ከማን ነው የሚመጣው? ዦይንቪል ላይ ብዙ ወጣት ዳንሰኞች የሚያድሩት በትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ወንበሩ ወጥቶ ፍራሽ ይነጠፋል። ጸሐፊው ይህን ነውር ብለውታል። እኔ ነውር አልለውም። ከአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያደረ ሰው ያን ሌሊት ምን ያህል እንደሚወዱት ያውቃል። ነገር ግን መታጠቢያው ንጹሕ መሆን አለበት። በሩ መቆለፍ አለበት። ሌሊት የሚጠብቅ አዋቂ ሰው መኖር አለበት። ይህ ውለታ አይደለም።

በነጻ ስለሚሠሩትስ? እኔ ራሴ አንድ ፌስቲቫል ላይ ዘጠኝ ቀን ሠርቻለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቼ እኩለ ሌሊት እወጣ ነበር። ገመድ ጎትቻለሁ፣ ላብ የነጠበበትን ወለል በየትርኢቱ መሃል ወልውያለሁ፤ ዳንሰኛ እንዳያንሸራትተው። የትራንስፖርት ገንዘብ ይሰጣችኋል ተብለን ነበር። በመጨረሻው ቀን አንዲት ወጣት አስተባባሪ መጥታ በጀቱ እንዳለቀ ነገረችን። "ልምድ አግኝታችኋል" አለች። በዚያው ምሽት የመዝጊያ ግብዣ ነበር። እኛ አልተጠራንም። ከእኔ ጋር ወለል ስትወለውል የነበረች ልጅ ለታክሲ የሚሆን ስላልነበራት ረጅም መንገድ አብረን በእግር ሄድን። እስከ ዛሬ ሳስበው ያቃጥለኛል።

እና ያ ፌስቲቫል ትልቅ አልነበረም። በጣም ትንሽ ነበር። ጸሐፊው እንዲያ የሚመኙት ዓይነት። ትንሽነት ሰውን በአግባቡ ለመያዝ ዋስትና አይደለም። እንዲያውም ትንሽ ፌስቲቫል የሚጠይቀው የለም። ትልቁን ግን ጋዜጣ ይጠይቀዋል፣ ምክር ቤት ይጠይቀዋል፣ ስፖንሰር ይጠይቀዋል። ሠራተኛው አድማ ሲመታ ይሰማል። በ2003 አገር ሙሉ የሰማው አቪኞንና ሞንፔሊዬ ትልቅ ስለነበሩ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው በሚቀጥለው ሲጽፉ የዳንሰኛ ብዛት ምን ያህል ደረሰ ብለው ባይጠይቁ ደስ ይለኛል። የመብራት ባለሙያው ተከፍሎታል ወይ? ወለል የምትወለውለዋ ልጅ እራት በልታለች ወይ? ክፍት መድረኩ ዘንድሮ የትኛው ሰፈር ሄደ? ብለው ይጠይቁ። ያኔ አብሬያቸው ነው የምጮኸው።

ጽሑፋቸው የሚያልቀው ባዶ አዳራሽ ላይ ነው። ፌስቲቫሉ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ዦይንቪል ላይ መብራት የጠፋበት ትልቅ ሕንጻ ብቻ ይቀራል ብለው ነው የደመደሙት። ስለዚያ ሕንጻ አንድ ነገር ሳይነግሩን ቀሩ። የቦልሾይ ትምህርት ቤት የሚገኘው እዚያው ሴንትሬቬንቶስ ካው ሃንሰን ውስጥ ነው። የጁላይ እረፍት አልቆ ትምህርት ሲጀመር ልጆቹ ቦርሳቸውን ይዘው የሚገቡት በዚያው በር ነው።